ለመጀመሪያ የኦሃዮ የቀስት አደንህ፣ ከሥጋው ጀምር

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በኮምፓውንድ ቀስት ማደን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እዚሁ ሰፈር አካባቢ ሁለት ሴት አጋዘን ጥያለሁ። በመጪው ኖቬምበር አምስት የእረፍት ቀን አለኝ። ኦሃዮ ሄጄ የሕዝብ መሬት ላይ ብቻዬን ማደን እፈልጋለሁ። እዚያ የማውቀው ሰው የለም፣ መሬቱን የሚፈቅድልኝ ገበሬም የለም። ካርታውን ሳየው ደግሞ ጫካው ማለቂያ የለውም። ከየት ልጀምር? ከቀናኝስ ሥጋውን እንዴት ነው ይዤ የምመለሰው?»

ወንድሜ፣ መልሴ ረዘም ይላል። የአዳኞች ትምህርት አስተምራለሁ፤ ደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮንም በእግሬ አውቀዋለሁ። እንደ አንተ ያለ ጥያቄ የሚያቀርቡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። እቅዳቸውን ከካርታው ይጀምራሉ፣ ከዚያ ዕቃ ይገዛሉ፣ ከዚያ ቀን ይቆርጣሉ። አጋዘኑ ከወደቀ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያስቡት ከወደቀ በኋላ ነው። በሰው ስቴት፣ ብቻህን፣ ጨለማ ውስጥ፣ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ይሄ አያዋጣም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄህን መጀመሪያ አምጣው። ከሥጋው ጀምር። ሥጋው የት ድረስ መሄድ እንደምትችል ይነግርሃል። ርቀቱ የትኛውን ጫካ እንደምትመርጥ ይነግርሃል። ጫካው ደግሞ የትኛው ዛፍ ላይ እንደምትቀመጥ።

ቨርጂኒያ ከስቴቱ ውጭ የተገደለን አጋዘን ሙሉ በድኑን ማስገባት ትከለክላለች። ምክንያቱ ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው በሽታ ነው። የአጋዘንን አንጎል እየበላ የሚገድል፣ መድኃኒትም ክትባትም የሌለው በሽታ ነው። የሚያመጣው ፕሪዮን የተባለ የተበላሸ ፕሮቲን ሲሆን፣ በብዛት የሚከማቸው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ኦሃዮ ውስጥ በዱር አጋዘን ላይ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2020 ዋያንዶት ካውንቲ ነው። እሱ በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው፤ ከምልክህ ቦታ ይርቃል። የቨርጂኒያ ሕግ ግን ካውንቲ አይለይም። ይዘህ መግባት የምትችለው ከአጥንት የተለየ ሥጋ፣ ጭንቅላትና የጀርባ አጥንት ያልተያያዘበት ብልት፣ ጭንቅላት የሌለው ቆዳ፣ ቀንድም ከፈለግክ ሥጋና አንጎል ፈጽሞ ከጸዳ የራስ ቅል ጋር ነው። የኔ ምክር፦ አጥንቱን በሙሉ እዚያው አውጣ፣ ሥጋ ብቻ ይዘህ ተመለስ። መንገድህ በዌስት ቨርጂኒያም በሜሪላንድም ቢሆን ንጹሕ ሥጋ አያስጠይቅህም።

ይሄ ማለት ቢላ መጠቀም ማወቅ አለብህ ማለት ነው። በዓል ሲደርስ በግ ሲገፈፍ እያየህና እያገዝክ ካደግክ ግማሹን ሥራ ታውቀዋለህ። አጋዘን ግን ተሰቅሎ አይገፈፍልህም፤ መሬት ላይ በጎኑ አስተኝተህ ነው የምትሠራው። ቆዳውን ከጀርባው መስመር ጀምረህ ወደ ሆዱ ግፈፍ። የፊት እግሩን ከብብቱ ሥር ቆርጠህ አንሳ፤ እዚያ መገጣጠሚያ አጥንት የለውም፣ ቢላው ዝም ብሎ ይሄዳል። የኋላውን ታፋ ከዳሌው መገጣጠሚያ ለይ። በጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ የሚሄደውን ረጅም ሥጋ ከአንገቱ ሥር እስከ ዳሌው ድረስ በአንድ ቁራጭ አውጣ። ከዚያ ገልብጠህ በሌላው ጎን ድገም። ሽንጡን ለመጨረሻ ተወው። በዚህ መንገድ ሆዱን ሳትከፍት አብዛኛውን ሥጋ ታወጣለህ። እዚሁ ቨርጂኒያ የሚቀጥለውን አጋዘንህን ስትጥል ለሥጋ ቤት አትስጠው። ራስህ ሥራው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅብህም እየው።

አሁን ክብደቱን አስብ። የጎለመሰ የኦሃዮ ወንድ አጋዘን ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ እንኳ 150 ፓውንድ ሊያልፍ ይችላል። አጥንቱ ሲወጣ ከ50 እስከ 70 ፓውንድ ሥጋ ይተርፍሃል። በጀርባ ቦርሳ ሁለት ምልልስ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ ዳገት፣ በሌሊት፣ በቅጠል በተሸፈነ ተዳፋት። ብቻህን ስለሆንክ ከመኪናህ አንድ ማይል ድንበርህ ይሁን። «ማንም የማይደርስበት ሩቅ ቦታ ግባ» የሚሉህ ሰዎች ጓደኛ ይዘው የሚሄዱ ናቸው። አንድ ማይል ራሱ በቂ ነው። አብዛኛው አዳኝ ከመንገዱ ግማሽ ማይል አይርቅም። ከግማሽ እስከ አንድ ማይል ያለው ቀበቶ ያንተ ነው። በተለይ በመሃል ጅረት ወይም ቀጥ ያለ ዳገት ካለ።

የአየሩንም ነገር እወቅ። በኖቬምበር መጀመሪያ እዚያ ሌሊቱ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ ቀኑ ግን አንዳንዴ 60 ፋራናይት ያልፋል። ሥጋ ከ40 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። ሁለት ትልልቅ ኩለር ውሰድ። ውሃ የተሞሉ የወተት ጋሎኖችን ቤትህ አቀዝቅዘህ ውስጡ አድርግ። ከተፈጨ በረዶ ይልቅ ይቆያሉ፤ ሥጋውንም ውሃ ውስጥ አይዘፍቁትም።

ወደ ቦታው እንምጣ። ከሰሜን ቨርጂኒያ ደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ዌይን ብሔራዊ ደን አለ፤ ከ240,000 ኤከር በላይ ነው። ሦስት ቦታ ተከፋፍሏል፦ አቴንስ፣ ማሪየታ፣ አይረንተን። ካርታህ ላይ ማለቂያ የለውም ያልከው እሱን ይመስለኛል። ግን ቀረብ ብለህ እየው። አረንጓዴው ቀለም የተበጣጠሰ ነው። በየመሃሉ የግል መሬት አለ፤ ማሪየታ በኩል ደግሞ ይብሳል። ኦሃዮ ውስጥ የግል መሬት ላይ ለማደን የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሕዝብ መሬት የመታኸው አጋዘን አጥር ተሻግሮ ሰው መሬት ላይ ቢወድቅ፣ ባለቤቱን ሳታስፈቅድ ገብተህ መጎተት አትችልም። ማታ በሦስት ሰዓት የማታውቀውን ሰው በር ማንኳኳት ነው ትርፉ። እሺ ላይልህም ይችላል።

ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ጉዞህ ዛሌስኪ ስቴት ደንን የምመርጥልህ። ቪንተን ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ከ26,000 ኤከር በላይ ነው። ከዌይን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ግን ያልተቆራረጡ ሰፋፊ ቦታዎች አሉት። መሃሉ ላይ ሌክ ሆፕ ስቴት ፓርክ አለ፤ ካቢንና የድንኳን ቦታ አለው። ጠዋት ከአልጋህ ተነስተህ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መኪናህን የምታቆምበት ትደርሳለህ። የዌይን የአቴንስ ክፍልም ቅርብ ነው፤ ዛሌስኪ ሰው ከበዛበት ወደዚያ ትዞራለህ። አቴንስ ከተማ ሆቴል ለመያዝ ካሰብክ ግን የዩኒቨርሲቲ ከተማ መሆኑን አትርሳ። በኦክቶበር መጨረሻ የሃሎዊን ድግሳቸው ጊዜ አልጋ አይገኝም።

ዛሌስኪን ሁሉ ለማወቅ አትሞክር። አምስት ቀን ነው ያለህ። ካርታው ላይ ሦስት ቦታ ብቻ ምረጥ፤ እያንዳንዱ አንድ ሸንተረርና ግራ ቀኙ ያለ ሸለቆ ይሁን። ሦስቱም የተለያየ የነፋስ አቅጣጫ የሚስማማቸው ይሁኑ። አንዱ ለምዕራብ ነፋስ፣ አንዱ ለሰሜን፣ አንዱ ለደቡብ። የአዳኞች ካርታ መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫን፤ የመሬት ወሰን የሚያሳይ እንደ ኦንኤክስ ያለ። ካርታውን ቤትህ ሆነህ ዳውንሎድ አድርገው፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቅ። የምትቀመጥበት ቦታ ከግል መሬት ወሰን ቢያንስ 200 ያርድ ይራቅ። የተመታ አጋዘን ሮጦ የሚወድቅበት ቦታ ያስፈልገዋል።

አካባቢው የድሮ የድንጋይ ከሰል አገር ነው። አንዳንዱ ጅረት ብርቱካንማ ቀለም አለው። ከተተወ ማዕድን ማውጫ የሚወጣ አሲዳማ ውሃ ነው። አትጠጣው፤ ሥጋም አትጠብበት። በሌሊት ስትሄድም ካየኸው መንገድ አትውጣ፤ የተደረመሰ የማዕድን ጉድጓድ አልፎ አልፎ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ አጣራ። በኦገስትና በሴፕቴምበር 2025 ኢ ኤች ዲ የሚባል በሽታ በአቴንስና በሜግስ ካውንቲዎች ዙሪያ ብዙ አጋዘን ገድሏል። ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚያስተላልፉት ቫይረስ ነው። አጋዘኑን ትኩሳት ስለሚያቃጥለው ወደ ውሃ ይሮጣል፤ በድኑም የሚገኘው ኩሬና ጅረት ዳር ነው። ከባድ ውርጭ ሲመጣ ዝንቦቹ ይሞታሉ፣ በሽታውም ይቆማል። ሰው ላይ አይተላለፍም። ችግሩ አንዱ ሸለቆ ባዶ ሲቀር ቀጥሎ ያለው ምንም ላይነካ መቻሉ ነው። ይሄን ከካርታ አታገኘውም። የኦሃዮ የዱር እንስሳት ክፍል የአራተኛው ዲስትሪክት ቢሮ አቴንስ ከተማ ነው። ደውል። «ከቨርጂኒያ ነው የምደውለው፣ በቀስት ላድን ዛሌስኪ ልመጣ ነው፣ ኢ ኤች ዲ የት የት መታው?» በላቸው። የካውንቲው ኦፊሰር ብዙ ጊዜ ሰፈሩን ጠርቶ ይነግርሃል። ሰዎቹ ጥያቄ መመለስ ሥራቸው ነው፤ አትፈር። የዚያን ዓመት የታግ (ለአንድ አጋዘን የሚገዛ፣ እንስሳው ላይ የሚታሰር የፈቃድ ወረቀት) ቁጥር ገደብም እግረ መንገድህን ጠይቅ፤ በካውንቲ ይለያያል፣ ከዓመት ዓመትም ይቀየራል።

ቀኑን በተመለከተ፦ የኦሃዮ የቀስት ወቅት ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነው። አንተ ያለህ አምስት ቀን ግን ከኖቬምበር 4 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይውደቅ። ስሪያው የሚጋለው ወደ ኖቬምበር አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ወንዱ ሴት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ይንከራተታል፤ ገና አላገኛትም፤ አግኝቷት ቢሆን ከአንዷ ጋር ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል። በአጋማሹ አካባቢ የወጣቶች የጠመንጃ ቅዳሜና እሁድ አለ። ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ደግሞ ዋናው የጠመንጃ ሳምንት ይጀምራል። በጠመንጃ ቀናት በቀስት ብታድንም ብርቱካንማ ጃኬት ግዴታ ነው። የምትጾም ከሆንክም ይሄ ሳምንት ይመችሃል። የነቢያት ጾም የሚገባው ህዳር 15 ነው፤ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ላይ ይውላል። ትኩሱን ሥጋ ከቤተሰብህ ጋር ትበላለህ፣ የቀረውን ለገና ፍሪዘር ውስጥ ታቆየዋለህ።

እዚያ ስትደርስ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ዛፍ ላይ አትውጣ። ቀስትህን ይዘህ ሦስቱን ቦታ በእግርህ አዳርስ። የምትፈልገው መጀመሪያ ምግብ ነው። ኦክ ዛፍ ሥር እይ። ቅጠሉ ጫፉ ክብ ክብ ከሆነ ነጭ ኦክ ነው፤ ሾል ሾል ብሎ ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር ያለ እሾህ ካለው ቀይ ኦክ ነው። አጋዘን ነጩን ይመርጣል፤ የቀዩ ፍሬ መራራ ነው። በኖቬምበር የነጩ ፍሬ ብዙ ጊዜ አልቋል፤ ቀዩ ግን ገና ይገኛል። ቅጠሉ ተገላብጦ፣ የተሰነጠቀ የፍሬ ቅርፊት ተበትኖ፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፋንድያ ካየህ ሴቶቹ ይበሉበታል። ሴቶቹ ባሉበት ወንዱ ይመጣል። ወንዱ ቀንዱን ያሸበት ግንድም ፈልግ። በእጅህ ንካው። የተላጠው እንጨት እርጥብ ከሆነና ሥሩ ያለው የልጣጭ ፍርፋሪ ገና ካልደረቀ ትናንት ወይም ዛሬ ነበረ ማለት ነው። ግራጫ ሆኖ ከደረቀ እለፈው።

የኮረብታ አገር ነፋስ ግን ከቨርጂኒያ ሰፈርህ ነፋስ ይለያል። የአየር ትንበያው የሚነግርህ ሸንተረሩ አናት ላይ ያለውን ነው። ሸለቆው ውስጥ ሌላ ሕግ አለ። ማታና ንጋት ላይ ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ሽቅብ ይወጣል። ጠዋት ከላይ ተቀምጠህ ሽታህ ቁልቁል ሲፈስ ቆይቶ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይገለበጣል። ሸለቆው ሥር ብትቀመጥ ደግሞ ይሽከረከራል፤ ሁሉም ያሸትሃል። ስለዚህ ሸለቆው ውስጥ አትቀመጥ። ወንዱ ብዙ ጊዜ የሚተኛው ነፋሱ ከጀርባው በሚመጣበት፣ ከሸንተረሩ አናት ትንሽ ዝቅ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ከኋላ የሚመጣውን ያሸታል፣ ከፊቱ ያለውን ያያል። ሴት ሲፈልግም በዚያው መስመር ይሄዳል። አንተ እዚያው የተዳፋቱ የላይኛው ሦስተኛ ላይ፣ ሸንተረሩ ዝቅ ብሎ መተላለፊያ በር በሚሠራበት አጠገብ ተቀመጥ። ትንሽ የዱቄት ጠርሙስ ያዝ፤ በየግማሽ ሰዓቱ እፍ አድርግና የት እንደሚሄድ እይ። ካልተስማማህ ውረድ። ሁለተኛው ቦታ አለህ።

ትሪ ስታንድህ፣ ማለትም ዛፍ ላይ የምታስረው መቀመጫ፣ ተንቀሳቃሽ ይሁን። የሕዝብ መሬት ዛፍ ላይ ሚስማርም ብሎንም አይመታም። ከመሬት ስትነሳ ጀምሮ እስክትወርድ እንዳትወድቅ የሚይዝህ ሙሉ መታጠቂያ ዛፉ ላይ ከታሰረው ገመድ ጋር መያያዝ አለበት። ዛፍ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ብዙዎቹ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ወይም ከመሰላል ወደ መቀመጫ ሲሻገሩ ነው። መታጠቂያው ይዞህ ተንጠልጥለህ ብትቀር ደም እግርህ ላይ ተከማችቶ ራስህን ልትስት ትችላለህ። እግርህን የምትረግጥበት ገመድ ኪስህ ውስጥ ይኑር። ብቻህን ነህና ይሄን ነጥብ እንደ ቀላል አትየው። በየቀኑ የት ቦታ እንዳለህና በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ለባለቤትህ ወይም ለወንድምህ ላክ። ከዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ካለፈ ማን ጋ እንደሚደወል ቁጥሩን አስቀምጥላቸው።

ስለ ምቱ። ሜዳ ላይ 40 ያርድ ትመታ ይሆናል። በዚህ ጉዞ 25 ያርድን አትለፍ። ጎኑን ሙሉ የሰጠህን ወይም ትንሽ ፊቱን ወዲያ ያዞረውን ብቻ ምታ። ፍላጻ እንደ ጥይት በድንጋጤ አይጥልም፤ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ሁለቱንም ሳንባ ማለፍ አለበት። ፊት ለፊት የቆመ፣ የሚራመድ፣ ቀና ብሎ የሚያይህ አጋዘን ላይ አትልቀቅ። የመጣህበት መንገድ ርዝመት፣ ያወጣኸው ገንዘብ፣ አምስተኛው ቀን መሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ እጅህን ሊገፉት ይሞክራሉ። እንስሳው የአንተን የእረፍት ቀን አያውቅም።

ከለቀቅክ በኋላ አትውረድ። ፍላጻው የት ገባ? ሲሮጥ ጀርባው ተቆለመመ ወይስ ዝቅ ብሎ ቀጥ ብሎ ሮጠ? መጨረሻ ያየኸው የትኛው ዛፍ ጋ ነው? ስልክህ ላይ ጻፈው። ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል። ከዚያ ወርደህ ፍላጻውን ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ በስቶ አልፎ መሬት ላይ ተሰክቶ ታገኘዋለህ። መብራት አስጠግተህ እየው። ደሙ ፈካ ያለ ሮዝ መሰል ሆኖ ጥቃቅን አረፋ ካለበት ሳንባ ነው። ተከተለው፤ ሩቅ አይሄድም። ጠቆር ያለና ወፈር ያለ ከሆነ ጉበት ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቅ። ላባው ላይ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር ከለጠፈና ሲያሸቱት ፈርስ ፈርስ ካለ፣ ሆድ ዕቃ ነው። ዝም ብለህ በመጣህበት ተመለስ። ቢያንስ ስምንት ሰዓት፣ ቢቻል አሥራ ሁለት። ቶሎ ብትከተለው ከተኛበት ይነሳል፣ አንድ ማይል ይሄዳል፣ ደምም አያንጠባጥብም። ይሄን ትዕግሥት የሚያጡ ሰዎች ናቸው አጋዘን ጥለው የሚመለሱት።

ዱካ ስትከተል በደሙ መስመር ላይ አትርገጥ፤ ጎን ለጎን ሂድ። ሶፍት ይዘህ ደም ባየህበት ሁሉ ቁራጭ አንጠልጥል። ዞር ብለህ ነጩን መስመር ስታይ የሄደበትን አቅጣጫ ታውቃለህ፤ ስትጨርስ ሰብስበው። በኖቬምበር የወደቀ የሜፕል ቅጠል ራሱ ቀይ ነጠብጣብ አለበት፤ በሌሊት ያሳስታል። በእርጥብ ሶፍት ጠረግ አድርገው። ሶፍቱ ከቀላ ደም ነው። ዱካው ከጠፋብህ በገመድ የታሰረ የሠለጠነ ውሻ ያላቸው ሰዎች አሉ። ዩናይትድ ብለድ ትራከርስ የሚባለው ማኅበር በየስቴቱ ያሉትን ስልክ ዘርዝሯል። ቁጥሩን ከቤትህ ሳትወጣ መዝግበህ ያዝ። በዚያች ሌሊት ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት አትወጣም።

ካገኘኸው በኋላ መጀመሪያ ታግ፣ ከዚያ ቢላ። ኦሃዮ ታጉ ላይ ስምህን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ካውንቲውን ሞልተህ አጋዘኑ ላይ ማሰር ያስገድዳል። ከዚያ እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ድረስ በመተግበሪያው ወይም በስልክ ታስመዘግበዋለህ፤ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጡሃል። እኔ ሳላስመዘግብ መቆራረጥ አልጀምርም፤ አንተም እንደዚያ አድርግ። ኔትወርክ ካጣህ ሸንተረሩ ላይ ውጣ። ቁጥሩ ከሥጋው ጋር ቤትህ ድረስ ይሂድ። አጥንቱንና ጭንቅላቱን በድርብ ከረጢት አስረህ ወደ ቆሻሻ መጣያ ውሰድ፤ ጫካው ውስጥ አትተወው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርህ። በሕገወጥ መንገድ የተገደለ አውሬ ከስቴት ስቴት ማሻገር በ1900 በወጣው ሌሲ አክት የፌዴራል ጥፋት ነው። ስቴቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የአዳኞችን ጥፋት እርስ በርስ ይለዋወጣሉ፤ ኦሃዮ ላይ ፈቃድህ ከታገደ ቨርጂኒያም ላይ ታግዷል። ዜግነት ገና ያልወሰድክ ከሆነ ደግሞ የወንጀል መዝገብ ፋይልህ ላይ እንዲገባ አትፈልግም። ታግ በጓደኛ ስም ማሰር፣ ዘመድ አድራሻ ተጠቅሞ በነዋሪ ዋጋ ፈቃድ መግዛት፣ እነዚህን እኛ ሰፈር ሰው እንደ ትንሽ ብልሃት ሲያወራቸው እሰማለሁ። አትንካቸው።

ሥጋውን ስትበላ አንድ ነገር አደራ። ቁርጥ የለም፣ ጥሬ ክትፎም የለም። የአጋዘን ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ሊይዝ ይችላል። ለነፍሰ ጡር ሴትና ለጽንሱ በጣም አደገኛ ነው። ማቀዝቀዝ ብቻውን አያስተማምንም። የተፈጨው 160 ፋራናይት እስኪደርስ ይብሰል። ቋንጣ ስታደርገውም መጀመሪያ እሳት አሳየው፣ ከዚያ አድርቀው። ለጥብስ ግሩም ነው። ሞራውን ግን በሙሉ አውጣ፤ አፍ ላይ እንደ ሻማ ይረጋል። በንጥር ቅቤ ተካው። እምነትን በተመለከተ፣ በቀስት የተገደለ ይበላል አይበላም የሚለውን የንስሐ አባትህን ወይም ሼኽህን ከመሄድህ በፊት ጠይቅ። ኦሪት ዘዳግም ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራቸዋል። አገዳደሉን ግን እኔ ልወስንልህ አልችልም።

ሳትጠይቀኝ የማነሳው አንድ ነገር አለ። ጥቁር ሰው ብቻውን፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ በማያውቀው ገጠር። ሳንነጋገርበት ብናልፍ ትክክል አይደለም። በኔ ልምድ የአካባቢው ሰው አደን ላይ ያለን ሰው ያከብራል፤ መጀመሪያ ሰላም ካልከው ደግሞ ይበልጥ። ነዳጅ ስትቀዳ፣ ቡና ስትገዛ አውራ። የመኪናህን ሰሌዳና የምታቆምበትን ቦታ ለካውንቲው የዱር እንስሳት ኦፊሰር አስቀድመህ ንገረው፤ ማንም ቢደውል «አውቀዋለሁ» ይላል። ስትገባና ስትወጣ የግንባር መብራትህን አብራ፤ ብርቱካንማውን ጃኬት ግዴታ ባይሆንም ልበስ፤ የሽኮኮ አዳኞችም ጫካው ውስጥ አሉ። ፈቃድህ ስልክህ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ኪስህ ውስጥ ይሁን።

አሁን የወረቀቱ ሥራ። ከውጭ ለሚመጣ አዳኝ ኦሃዮ እጣ የላትም፤ ፈቃዱን በማንኛውም ቀን በሀንትፊሽ ኦኤች መተግበሪያ ትገዛለህ። የአደን ፈቃዱ ለብቻው፣ የአጋዘን ታጉ ለብቻው ነው። ወንድም ሴትም የሚያስጥለውን ታግ ግዛ። በዓመት የሚፈቀደው አንድ ቀንዳም ብቻ ነው፤ ይሄ ስቴቱን በሙሉ ይመለከታል። የአዳኞች ትምህርት ምስክር ወረቀትህን ወይም የቨርጂኒያ የቀድሞ ፈቃድህን አዘጋጅ፤ ይጠይቁሃል። ዋጋው ለእንግዳ ከነዋሪው በጣም ይበልጣል፤ የዘንድሮውን ከመተግበሪያው ላይ እይ። የቀስትህ ጥንካሬ ከ40 ፓውንድ በታች እንዳይሆን፣ የፍላጻው ምላጭም ስፋቱ ሦስት አራተኛ ኢንች እንዳያንስ።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ ልምምድህን ቀይር። የልምምዱን ጫፍ ጣልና በምታድንበት ምላጭ ተኩስ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይመቱም። ወፍራሙን ጃኬት ልበስ፣ መታጠቂያውን እሰር፣ ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ተኩስ። የጃኬቱ እጅጌ የቀስቱን ገመድ የሚነካ ከሆነ እዚሁ እወቀው። ዛሬ ግን ሁለት ነገር ብቻ ጨርስ፦ ሌክ ሆፕ ማደሪያህን ያዝ፣ አቴንስ ያለውን ቢሮ ደውል። ካርታው ላይ ሦስቱን ቦታ ስትመርጥ ላክልኝ፤ ነፋሱንና የግል መሬቱን ወሰን አብረን እናየዋለን።